«የጸደይ መንቃት»ን መተንተን፦ ጭንቅላት የሌለው ልጅ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ «የቲያትር ጥበባት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ጀርመናዊው ፍራንክ ቬዴኪንድ ስለ ወጣቶች የጻፈውን ‹የጸደይ መንቃት› የተባለ ተውኔት ከናቹራሊዝም፣ ማለትም ኑሮን እንዳለ በመድረክ ከማሳየት ስልት፣ ያፈነገጠ ሥራ አድርገን እንድንተነትን ታዘዝን። እኔ የጻፍኩት፣ ሁለቱ ገቢሮች እውነተኛ ኑሮ ሲያሳዩ ቆይተው በሦስተኛው ላይ የሞተ ልጅ ጭንቅላቱን በብብቱ ይዞ መምጣቱ፣ ከዚያም ጭምብል ያጠለቀ ሰው ብቅ ማለቱ የጸሐፊው ድክመት ነው ብዬ ነው። ቀጥዬ ከናቹራሊዝም የወጡትን ስልቶች ዘረዘርኩ፤ ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር በግልጽ ሊነጋገሩ ይገባል በሚል መልእክትም ደመደምኩ። መምህሬ ‹ይህ ገለጻ እንጂ ትንተና አይደለም› ብለው መለሱልኝ። ተውኔቱን በእንግሊዝኛ ትርጉም አንብቤዋለሁ፤ በሙዚቃ የቀረበውንም በቪዲዮ አይቻለሁ። የውስጥ ስሜትን በተዛባ መልክ የሚያሳየው ኤክስፕረሽኒዝም ነው ብዬ ባጠናክረው ይበቃኛል ወይስ የጎደለኝ ሌላ ነገር አለ?»

መልስ፦ መምህርሽ ልክ ናቸው። ኤክስፕረሽኒዝም የሚለውን ቃል ብትጨምሪበትም ወረቀቱ ተመልሶ ይመጣብሻል። የስልቶቹ ዝርዝር አላነሰም። ችግሩ ተውኔቱን ከመካከሉ ሰንጥቀሽ ግማሹን «እውነተኛ»፣ ግማሹን «ቅዠት» አድርገሽ ማንበብሽ ነው። ይህ ከተስተካከለ የቀረው ሁሉ ቦታ ቦታውን ይይዛል።

ተውኔቱን ላላነበበ ሰው ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። በአንዲት የጀርመን ከተማ የሚኖሩ በ14 ዓመት አካባቢ ያሉ ልጆች ስለ ገዛ ሰውነታቸው የሚነግራቸው ትልቅ ሰው አጥተዋል። ሞሪትስ ትምህርት የከበደው ልጅ ነው፤ ከክፍል ክፍል ማለፍ የሞት የሽረት ጉዳይ ሆኖበት በመጨረሻ ሕይወቱን ያጠፋል። ጓደኛው ሜልኪዮር ብሩህ ተማሪ ነው። ለሞሪትስ ብሎ ስለ ሰው ልጅ መራባት የጻፈለት ማብራሪያ በሟቹ ዕቃ መካከል ተገኝቶ ከትምህርት ቤት ይባረራል፤ ኋላም ወደ ማረሚያ ቤት ይላካል። ቬንድላ የምትባለው ልጅ፣ ሕፃን ከየት እንደሚመጣ እናቷን ጠይቃ መልስ ሳታገኝ ከሜልኪዮር ታረግዛለች፤ በድብቅ በተሰጣት ማስወረጃም ትሞታለች። በመጨረሻው ትዕይንት ከማረሚያ ቤት ያመለጠው ሜልኪዮር መቃብር ቦታ ላይ ከሟቹ ጓደኛው ጋር ይገናኛል። ተውኔቱ የታተመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1891 ዙሪክ ውስጥ ነው። በ1906 አዘጋጁ ማክስ ራይንሃርት በርሊን ላይ፣ ያውም ሳንሱር ቆራርጦት፣ እስኪያዘጋጀው ድረስ 15 ዓመት መድረክ አላየም።

አሁን የመጀመሪያውን ትዕይንት እንደገና አውጥተሽ አንብቢው። ቬንድላ 14 ዓመት የሞላት ዕለት እናቷ ረጅም ቀሚስ ሰፍታላታለች። ልጅቷ ለምን እንዲህ አስረዘምሽው ትላለች፤ እናት ዛሬ እኮ 14 ዓመትሽ ነው ትላታለች፤ ልጅቷም እንዲህ እንደምታስረዝሚው ባውቅ ኖሮ 14 ዓመት ባይሞላኝ ይሻለኝ ነበር ብላ ትመልሳለች። ሁለቱ ጥቂት ይከራከራሉ፣ ቀሚሱ ተመልሶ ቁም ሳጥን ይገባል፣ ትዕይንቱም ያልቃል። ሳሎኑ ምን ይመስላል፣ አባት የት ሄደ፣ ቤቱ የደላው ነው ወይስ የቸገረው፣ ጸሐፊው አንዱንም ለመንገር አልተጨነቀም። በዚያው ጊዜ የናቹራሊዝም ጸሐፍት የሚሠሩት ሌላ ነበር። በ1889 በርሊን ላይ የታየውን የጌርሃርት ሃውፕትማንን «ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት» የተባለ ተውኔት ብታነቢ የቤቱ ዕቃ ሳይቀር በዝርዝር ተጽፎ ታገኚዋለሽ። የገጠሩ ሰዎች የሚናገሩት በአካባቢያቸው ቀበልኛ ነው፤ ውርስና አካባቢ ሰውን እንዴት እንደሚሠሩት ደረጃ በደረጃ ይታያል። ቬዴኪንድ ይህንን መንገድ ያወቀውና አውቆም የተወው ነው። ሦስቱን ገቢሮች ወደ 19 አጫጭር ትዕይንቶች ከፋፍሎ፣ አንዱ ትዕይንት ሌላውን ሳይወልድ፣ ከሳሎን ወደ ጫካ፣ ከጫካ ወደ መምህራን ስብሰባ ይዘላል። ትልልቆቹ ክስተቶች ብዙ ጊዜ ከመድረክ ውጭ ይፈጸማሉ። ቬንድላ ስትሞት አናይም። መሞቷን የምናውቀው ሜልኪዮር የመቃብር ድንጋይዋን ሲያነብ ነው፤ ድንጋዩ ላይም በደም ማነስ እንደሞተች ተጽፎ «ልበ ንጹሖች ብፁዓን ናቸው» የሚል ጥቅስ ታክሎበታል። ስለዚህ ሦስተኛው ገቢር ላይ «ድንገት መጣ» ያልሽው ነገር ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አለ። አንቺ ያላየሽው አለባበሱ ተራ ስለነበር ነው።

ሁለተኛው ስሕተትሽ ከዚህ ይከተላል። ከናቹራሊዝም መውጣት ከእውነት መውጣት አይደለም። ናቹራሊዝም ራሱ የመድረክ ስምምነት ነው፤ ሦስት ግድግዳ ያለው ሳሎን ውስጥ ሰዎች ተመልካች እንደሌለ ሆነው እንዲያወሩ ሁላችንም ተስማምተን የምናየው ነገር ነው። ከእርሱ ስለለመድን ብቻ መነሻው እርሱ ይመስለናል። በእኛው አገር እንኳ ቢሆን መነሻው እንዲያ አልነበረም፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለው የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት «ፋቡላ» አውሬዎችን እያናገረ የሹማምንትን ገመና ያወጣ ሥራ ነው፤ ያየው ሁሉ ስለ ማን እንደሚወራ ገብቶታል። ወደ ቬዴኪንድ ስንመለስ ደግሞ ለወረቀትሽ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። በሞሪትስ ቀብር ላይ አባትየው «ልጁ የእኔ አልነበረም» እያለ ያለቅሳል። ተቺዎች ይህን ዐረፍተ ነገር የተጋነነ ነው ብለው ወቀሱት። ቬዴኪንድ ኋላ ስለ ሥራዎቹ በጻፈው ማስታወሻ ግን፣ የተውኔቱ ትዕይንቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከእውነተኛ ገጠመኝ የመጡ መሆናቸውን፣ ይቺ የአባት ንግግርም በእውን የተነገረች መሆኗን ተናግሯል። እንግዲህ ጆሮ አልቀበል ያለው፣ ከሁሉ ይልቅ የተፈበረከ የመሰለው ቃል፣ ከሕይወት በቀጥታ የተቀዳው ሆነ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ «ይህ ክፍል እውነተኛ፣ ይህ ክፍል ምናባዊ» ብሎ መስመር ማስመር የትም አያደርስም።

ስለ ኤክስፕረሽኒዝም ብዙ አልልም። ያ እንቅስቃሴ በጀርመን ቲያትር የገነነው ከ1910 ወዲህ ነው፤ ይህ ተውኔት በ1891 ታትሟል፤ ደራሲው በ1918 ሲሞት እንቅስቃሴው ገና በጉልበቱ ነበር። «ለኤክስፕረሽኒዝም መንገድ ከጠረጉት አንዱ ነው» ብትዪ ትክክል ነው፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃዋል። ስያሜ ከሰጠሽ በኋላ ግን እያንዳንዱን ነገር «ኤክስፕረሽኒዝም ስለሆነ» እያልሽ ማለፍ ትጀምሪያለሽ፤ ማሰቡም እዚያው ይቆማል።

ታዲያ ምን ልጠይቅ ካልሽኝ፣ ይህን ጠይቂ፦ በዚህ ተውኔት ውስጥ የተዛባ መልክ የተሰጠው ማን ነው? ሙሉ ሰው ሆኖ የተሣለውስ ማን ነው? ከናቹራሊዝም የወጡ ተውኔቶችን ስትተነትኚ ስልቱ «አለ ወይስ የለም» የሚለው ጥያቄ ፍሬ የለውም። ስልቱ ለማን ተሰጠ፣ ለማን ተነፈገ የሚለው ነው ፍሬ ያለው።

የመምህራኑን ስብሰባ ውሰጂ፤ የሦስተኛው ገቢር የመጀመሪያው ትዕይንት ነው። ግድግዳው ላይ የፔስታሎዚና የሩሶ ምስሎች ተሰቅለዋል፤ ሁለቱም ልጅ እንዴት እንደሚያድግ የጻፉ ሰዎች ናቸው። ከምስሎቹ ሥር የተቀመጡት መምህራን ስማቸው ሶነንሽቲኽ፣ ክኖኸንብሩኽ፣ ፍሊገንቶድ ነው፤ በእኛ ቋንቋ አቶ የፀሐይ ምች፣ አቶ አጥንት ስብራት፣ አቶ የዝንብ ሞት እንደማለት። (ቬዴኪንድ በወጣትነቱ ለማጊ የሾርባ ፋብሪካ ማስታወቂያ ይጽፍ ነበርና ሰውን በአንድ ቃል መለጠፍን ያውቅበታል።) አንድ ተማሪ ሞቷል። ርእሰ መምህሩ ረጅምና ውስብስብ በሆነ የቢሮ ቋንቋ የሚያብራራው ግን የልጁን ሞት አይደለም፤ ራስን ማጥፋት በየትምህርት ቤቱ በመብዛቱ ሚኒስቴሩ ትምህርት ቤታቸውን እንዳይዘጋው ያለውን ስጋት ነው። በመካከሉ አንዱ መምህር ክፍሉ ታፍኗልና መስኮት ይከፈት ይላል። ሌላው ይቃወማል። ክርክሩ ይጦፋል፤ ስለ መስኮቱ ድምፅ እስከ መስጠት ይደርሳሉ። ሜልኪዮር ሲጠራ ደግሞ ለሚቀርብለት ጥያቄ «አዎ» ወይም «አይደለም» ከማለት በቀር እንዳይናገር ይታዘዛል። ልጁ ከጻፍኩት ውስጥ ብልግና የሆነ አንድ መስመር አሳዩኝ ይላል፤ የሚያሳየው የለም።

ይህን ትዕይንት «መምህራኑ ካሪካቸር (ለማላገጥ ተጋንኖ የተሣለ ሰው) ናቸው» ብለሽ አለፍሽው። ካሪካቸር መሆናቸውማ ግልጽ ነው። ትንተናው የሚጀምረው ግን ካሪካቸሩ ምን እንደሚሠራ ስታዪ ነው። ለመስኮት የፈቀዱትን ያህል የንግግር ጊዜ ለልጁ አልፈቀዱም። መምህራኑ ስም ብቻ እንጂ ቤት፣ ሚስት፣ ያለፈ ዘመን የላቸውም፤ ልጆቹ ግን ሕልም አላቸው፣ ፍርሃት አላቸው፣ አያታቸው የነገረቻቸው ተረት አላቸው። ተመልካቹ መምህራኑን የሚያያቸው የ14 ዓመት ልጅ በሚያያቸው ዓይን ነው። ማዛባቱ የጸሐፊው ጭካኔ አይደለም፤ ለተመልካቹ የተመረጠለት መቀመጫ ነው። ናቹራሊስት ቢሆን ኖሮ ለርእሰ መምህሩም የግል ችግሩን ይሰጠውና ተመልካቹ «እርሱም ሰው ነው» ብሎ እፎይ ይል ነበር። እዚህ ያ እፎይታ ሆን ተብሎ ተከልክሏል።

ቀጥሎ ያለው የቀብር ትዕይንት ይህንኑ በአንድ ቦታ ላይ ያሳያል። ዝናብ ይዘንባል። ትልልቆቹ ተራ በተራ አፈር እየጣሉ ይናገራሉ፤ አባት ያቺን ቃል ይላል፤ ርእሰ መምህሩ ‹ልጁ ቢኖርም ኖሮ ባላሳለፍነው ነበር› ይላል፤ ሌላው መምህር ቢያልፍ እንኳ በሚቀጥለው ዓመት ይወድቅ ነበር ብሎ ያጸናለታል። ትልልቆቹ ሲሄዱ ሁለት ልጃገረዶች፣ ኢልዘና ማርታ፣ ይቀራሉ። የአነጋገሩ ፍጥነት ይለወጣል፤ ድምፁ ይወርዳል፤ ስለ አበባ፣ ስለ መቃብሩ መንከባከብ ይነጋገራሉ። በአንድ ጉድጓድ ዙሪያ ሁለት የአጻጻፍ ስልት ቆሟል። አንድ አዘጋጅ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ትወና ቢያቀርበው ትዕይንቱ ይሞታል።

እስካሁን ያልኩት ግን ግማሹን ነው። «ልጆች ሰው፣ ትልልቆች ጭምብል» ብለሽ ብትደመድሚ ከአሁኑ የተሻለ ወረቀት ይሆንልሻል፤ ግን ተውኔቱ ከዚህ ይበልጣል። በዚህ ክፍፍል ውስጥ የማይገቡልሽን ሁለት ሴቶች ተመልከቺ።

አንደኛዋ የሜልኪዮር እናት ወይዘሮ ጋቦር ናት። ልጇ የጎተን ተውኔት «ፋውስት»ን ሲያነብ አግኝታው ለዕድሜው ቢከብድም ታምነዋለች እንጂ አትከለክለውም። አንቺ በመደምደሚያሽ የምትመክሪው፣ ከልጁ ጋር የሚነጋገር ወላጅ ማለት እርሷ ናት። ሞሪትስ አሜሪካ ልጥፋበት፣ ገንዘብ ስጪኝ ብሎ ሲጽፍላት የሰጠችው መልስ ራሱን የቻለ አንድ ትዕይንት ነው፤ መድረክ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣ ደብዳቤ ትጽፋለች፣ ሌላ ምንም የለም። ደብዳቤው ትሑት ነው፣ የተማረ ሰው ደብዳቤ ነው፣ ፍቅርም አለው። ልጁን ግን አላዳነውም። ኋላ ደግሞ የገዛ ልጇ በቬንድላ ላይ ያደረሰውን ስታውቅ፣ እስከዚያ ድረስ አሻፈረኝ ስትል የኖረችው እናት ማረሚያ ቤት ይግባ የምትለው እርሷ ትሆናለች። «ወላጆች በግልጽ ይነጋገሩ» የሚለው መልእክትሽ እዚህ ላይ ይፈርሳል። ከሁሉ ይልቅ ግልጽ የነበረችው እናት ካልበቃች፣ ተውኔቱ የሚለው ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛዋ የቬንድላ እናት ናት። ልጅቷ ሕፃን ከየት ይመጣል ብላ ስትይዛት፣ እናት ለመናገር ትሞክራለች፤ አቅቷት የልጇን ፊት በሽርጥ ትሸፍናለች፤ ሸፍናም የምትነግራት ባልን በፍጹም ልብ ስለ መውደድ ብቻ ነው። ይህ ካሪካቸር አይደለም፤ ላቧ ይታያል። በመጨረሻ ልጅቷ ለምን ሁሉን አልነገርሽኝም ብላ ስትጠይቃት፣ የእኔ እናት ለእኔ ካደረገችው የተለየ አላደረግሁብሽም ትላታለች። በዚህች አንዲት ዐረፍተ ነገር እናትየው ከጭምብሉ ወገን ወደ ልጆቹ ወገን ትሻገራለች፤ እርሷም አንድ ጊዜ ሳይነገራት ያደገች ልጅ ነበረች። እኔን ከጠየቅሽኝ የተውኔቱ ከባዱ ቦታ መቃብሩ ሳይሆን ይህ ነው።

አሁን ወደ ጭንቅላቱ እንምጣ። ድክመት ያልሽው ጭንቅላት አልባ ልጅ በተውኔቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተዘጋጅቶለታል። በሁለተኛው ገቢር መጀመሪያ ሞሪትስ አያቱ የነገረችውን ተረት ያወራል። ጭንቅላት ሳይኖራት የተወለደች ውብ ንግሥት ነበረች፤ መብላት፣ ማየት፣ መሳቅ አትችልም፤ ባለ ሁለት ጭንቅላት ንጉሥ ድል ነሥቷት ጠንቋይ ከሁለቱ ትንሹን ጭንቅላት አንሥቶ ተከለላት። ሞሪትስ ይህቺ ንግሥት ከአእምሮዬ አልወጣ አለች፤ እኔም ራሴ ጭንቅላት እንደሌላት ንግሥት ሆኜ እታየኛለሁ ይላል። ልብ በይ፣ ይህን የሚለው በማጥናት ብዛት ጭንቅላቱ ሊፈነዳ የደረሰ ተማሪ ነው። ከጥቂት ትዕይንቶች በኋላ የወይዘሮ ጋቦር ደብዳቤ ይመጣል። መዝጊያው አካባቢ ለአንድ ተስፋ የቆረጠ ልጅ ሰው ሁሉ የሚለውን ትለዋለች፦ አይዞህ፣ ጭንቅላትህን ቀና አድርግ። ሦስተኛው መቃብሩ ነው፤ ልጁ ጭንቅላቱን በብብቱ ይዞ ይመጣል። ተረቱ ሕመሙን ተናገረ፣ ደብዳቤው ሳያውቅ በሕመሙ ላይ ተራመደ፣ መድረኩ ደግሞ ቃሉን ቃል በቃል ፈጸመው። ከናቹራሊዝም የወጣ መድረክ አንዱ ትልቅ አቅም ይህ ነው፤ በንግግር ተራ የነበረውን ምሳሌ አካል ሰጥቶ ያቆመዋል። ይህን ሰንሰለት በገጽና በትዕይንት ብታሳዪ መምህርሽ «ገለጻ» የሚል ቃል አይጽፉብሽም።

ጭምብለኛውን በተመለከተ፣ ተማሪ ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ «እርሱ ማን ነው?» የሚለው ነው። ሕይወት ነው፣ እግዚአብሔር ነው፣ ሰይጣን ነው፣ ደራሲው ራሱ ነው ተብሏል። የመጨረሻው ግምት መሠረት የለውም አይባልም፤ ቬዴኪንድ ተውኔቱን ለጭምብለኛው ሰው መታሰቢያ አድርጎታል፤ በ1906ቱ ዝግጅትም ይህን ሚና ራሱ ተጫውቷል። ነገር ግን ሰውየው ማንነቱን እንዲናገር ተጠይቆ እንቢ ብሏል፤ እንቢ ያለውን አንቺ አታስገድጂው። የሚያደርገውን ብቻ ተከታተይ። ሞሪትስ ጓደኛውን ወደ ሞት ሲጠራው፣ ጭምብለኛው ስለ ተስፋ አይሰብክም፤ ተርበሃል፣ ትኩስ እራት ሆድህ ሲገባ በዚህ ሁሉ ትስቃለህ ይለዋል። ስለ ሥነ ምግባር ሲጠየቅም ያፈርሰዋል ብለሽ ስትጠብቂ፣ ከ«ይገባል» እና ከ«እፈልጋለሁ» ብዜት የሚገኝ ውጤት ነው፣ ሁለቱ ምናባዊ ቢሆኑም ውጤቱ እውን መሆኑ አይካድም ብሎ ያሳርፈዋል። ሞሪትስ ለምን ወደ እኔ አልመጣህም ሲለው ደግሞ፣ በመጨረሻዋ ሰዓት እኮ በሞትና በሕይወት መካከል ቆመህ ነበር፣ አታስታውሰኝም? ይለዋል። ወደኋላ ተመልሰሽ ስታዪ፣ በዚያች ሰዓት በሞሪትስ መንገድ ላይ የመጣችው ኢልዘ ነበረች፤ አብረን እንሂድ ብትለው ሰበብ ፈጥሮ ቀርቷል። ስለዚህ ጭምብለኛው «ከየትም» አልመጣም። ከዚህ በፊት በተራ ሴት ልጅ መልክ መጥቶ ሳይታወቅ አልፏል።

አንድ ነገር ደግሞ አስተውዪ፦ ሜልኪዮርን ከመቃብር የሚያወጣው ትልቅ ሰው ነው። ፊት የሌላቸው ትልልቆች ልጆቹን ገፍተው ከጣሏቸው በኋላ፣ የሚያነሣውም ፊቱን የሸፈነ ትልቅ ሰው ሆኗል። ይህ ያጽናናል ወይስ ያስፈራል? ተውኔቱ አልወሰነም፤ አንቺም መወሰን የለብሽም፤ ጥያቄውን በግልጽ ማቅረብ ግን ይጠበቅብሻል።

በወረቀትሽ ላይ ፈጽሞ ያላየሁት ሳቅ ነው። ቬዴኪንድ አጥብቆ ያማረረው በዚህ ነበር። መጀመሪያ ብልግና ነው ብለው ሸሹት፤ ኋላ ደግሞ እንደ ደረቅ የትምህርት ስብከት ቆጠሩት፤ እርሱ ግን የቱም ትዕይንት የቱንም ያህል ቢከብድ ሳቁ እንዳይጠፋ ደክሜያለሁ ይላል። መቃብሩ ላይ ሙት፣ የ14 ዓመት ልጅና ጭምብለኛ ሰው ቆመው ስለ ሥነ ምግባር የሂሳብ ቀመር ሲከራከሩ ያስቃል፤ ማሳቅም አለበት። ሳቁን ካወጣሽው የሚቀርሽ መልእክት ብቻ ነው፤ አንቺም የደረሰብሽ ይኸው ነው።

ጥቂት ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ። የሙዚቃ ቲያትሩን እንደ ማስረጃ አትጥቀሺ። በ2006 ኒው ዮርክ፣ ብሮድዌይ ላይ የወጣው ሥራ ራሱን የቻለ ድንቅ ነገር ነው፤ ትልልቆቹን ሁሉ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተዋናይ እንዲጫወቷቸው ማድረጉ የቬዴኪንድን ሐሳብ በሌላ መንገድ የያዘ ነው። ነገር ግን ጭምብለኛው ሰው እዚያ የለም፤ በቬንድላና በሜልኪዮር መካከል የሆነውም ለስልሶ ወደ ፍቅር ታሪክ ቀርቧል። በተውኔቱ ላይ ልጅቷ «ተው» እያለች ነው። ይህን በፍቅር ቃል ከጻፍሽው ጥቃትን ሸፍነሽ ታልፊያለሽ፤ የሜልኪዮርም ጥፋት ከእጅሽ ይወጣል። እርሱ የስርዓቱ ተጠቂ ብቻ አይደለም፤ በዳይም ነው፤ ተውኔቱ ሁለቱን አንድ ላይ ይይዛል።

የሞሪትስን ሞት «ፈተና ስለወደቀ» በሚል አንድ ምክንያት አታስሪው። ጽሑፉ ራሱ ብዙ ክር አጋምዷል፦ የሚቀጥለው ክፍል ቦታ ስለማይበቃ ከሌላ ልጅ ጋር መፎካከሩ፣ አባቱን መፍራቱ፣ ስለ ሰውነቱ ያለው ኀፍረት፣ የተዘጋው የአሜሪካ መንገድ፣ ችላ ያላት ኢልዘ። ከጓደኞችሽ ጋር ከዚህ ተውኔት ክፍል ለተማሪዎች የማቅረብ ሐሳብ ካላችሁ ደግሞ፣ የልጁን ሞት አታሳዩ፤ ጽሑፉም አያሳይም። ከትዕይንቱ በፊትና በኋላ ሊያናግራቸው የሚችል የሥነ ልቦና ባለሙያ ሳይኖር የመቃብሩን ትዕይንት ለታዳጊዎች ማቅረቡን አልደግፍም፤ የሞተ ልጅ ጓደኛውን ና እያለ የሚጠራበት ትዕይንት ነውና።

ያነበብሽው ትርጉም መሆኑንም አትርሺ። ስለ ቃላት ምርጫና ስለ ዜማ ከአንድ የእንግሊዝኛ ትርጉም ተነሥተሽ ጀርመንኛው እንዲህ ነው አትበዪ። ሁለት ትርጉሞች አመሳክረሽ በሁለቱም የሚገኘውን ብቻ ያዢ፤ ከላይ ያሳየሁሽ የጭንቅላት ሰንሰለት በምስልና በመዋቅር ላይ የቆመ ስለሆነ ትርጉም ሲለዋወጥ አይፈርስም። ዝግጅቱን በመድረክ ስላላየሽም «ተመልካቹ ይደነግጣል» ከማለት «ጽሑፉ ተዋናዩን እንዲህ ያስገድደዋል» ብትዪ ያዋጣሻል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ ወረቀቱን አታሻሽዪው፣ እንደ አዲስ ጻፊው። የስልቶቹን ዝርዝርና የመጨረሻውን መልእክት ሙሉ በሙሉ አውጪ። ክርክርሽ አንድ ይሁን፦ ቬዴኪንድ ማዛባቱን በትልልቆቹ ላይ፣ ሙሉ ሰውነትን በልጆቹ ላይ ያከፋፍላል፤ ከዚያም በሁለት እናቶችና በአንድ ጭምብለኛ ሰው ክፍፍሉን ራሱ ያናጋዋል። ሦስት ትዕይንት ይበቃሻል። ከመምህራኑ ስብሰባ ጀምረሽ ክፍፍሉን አሳዪ። ወደ ወይዘሮ ጋቦር ደብዳቤ ተሻግረሽ ክፍፍሉ የት እንደሚሰነጠቅ አሳዪ፤ የጭንቅላቱ ሰንሰለት እዚህ ይግባ፤ የወረቀትሽ ወፍራሙ ክፍልም ይህ ይሁን። በመቃብሩ ጨርሺ። ስለ ጭምብለኛው የምትጽፊው ከአንድ ገጽ ከበለጠ፣ ስለ ተውኔቱ መጻፍ ትተሽ ስለ ሰውየው ማንነት መገመት ጀምረሻል ማለት ነውና እዚያው ላይ አቁሚ።